አበል የሌለው ፊልድ

ረጅሙን የሞተር ጉዞዬን የጀመርኩት በታክሲ ነው። ከአየር ጤና ወደ አለምገና፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ሄልሜት ታቅፌ። ረዳቱ ሂሳብ ሲሰበስብ ሄልሜቱን አየና «ወንድሜ፣ ሹፌራችን እኮ ያን ያህል አይነዳም» አለኝ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሥራ ካጣሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ስለነበር የተገኘውን ሳቅ ሁሉ እሻማ ነበር።

በታክሲ የሄድኩት ወድጄ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር የሚነዳ ሰው የሚነዳው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነው። የእኔዋም ሞተር ለዚሁ ብላ አለምገና፣ አጎቴ ግቢ፣ ከዶሮው ቆጥ ሥር ሸራ ለብሳ ትኖራለች። ከጨረታ ነው የገዛኋት። አንድ መሥሪያ ቤት አገልግሎት የማይሰጡ ንብረቶቹን ሲያስወግድ ከሦስት የተሰበሩ ወንበሮችና ከአንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ጋር አብራ ተወገደች። ወንበሮቹንና ማሽኑን ሸጬ እሷን አስቀረሁ። ያማሃ ኤጂ 100 ናት። ኤጂ የሚሉት ሁለቱ ፊደላት እርሻን ነው የሚያመለክቱት። ከፋብሪካ ስትወጣ የታሰበችው ለገበሬና ለከብት ጠባቂ እንጂ እንደ እኔ ላለ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው አይደለም። ከኋላዋ ሰፊ የብረት እቃ መጫኛ፣ መጫኛው ላይ ደግሞ ነጭ የቆርቆሮ ሣጥን አለ። ሣጥኑ ላይ በሰማያዊ ቀለም «የእንስሳት ክት…» ይላል። ቀሪውን ፀሐይና የአጎቴ ዶሮዎች ተካፍለውታል። ይህችን የተቆረጠች ቃል ያዙልኝ።

እኔም የተወገድኩት በዚያው ሰሞን ነው። የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ነበርኩ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ። ሥራዬ ሌሎች ሰዎች ፊልድ ወጥተው የሠሩትን፣ አንዳንዴም ያልሠሩትን፣ በሦስት ወር አንዴ ማሳመር ነበር። «ከሚመለከታቸው አጋር አካላት ጋር በመቀናጀት» የምትለዋን ሐረግ ሳላስገባ ያቀረብኩት ሪፖርት የለም። አጋር አካላቱ እነማን እንደሆኑ ጠይቄ አላውቅም። ሐረጓን የወረስኩት ከእኔ በፊት ከነበረው ባለሙያ ነው፤ እሱም ከሱ በፊት ከነበረው።

አንድ ማክሰኞ የሰው ሀብት ኃላፊው አስጠሩኝና «ሻይ ይምጣልህ?» አሉኝ። በስድስት ዓመት ሻይ ብለውኝ የማያውቁ ሰው ናቸው። ስኳሩን ሳላማስል ገባኝ። የቅነሳውን ደብዳቤ ሰጥተው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከፈቱና ሂሳቡን አብረን ሠራን፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ቅነሳ ስለሆነ ደግሞ የ60 ቀን ጭማሪ። በድምሩ 140 ቀን፤ አራት ወር ከሃያ ቀን መሆኑ ነው። እውነቱን ለመናገር በዚያ መሥሪያ ቤት ሰው ሂሳቤን እንዲህ በጥንቃቄ ሲሠራልኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ክሊራንሱ ግን ከሥራው ይከብዳል። አሥራ አንድ ፊርማ። ንብረት ክፍል ስቴፕለሬን ተረከበ፣ ክሊኒኩ ምንም እንደሌለብኝ አረጋገጠ። ቤተ መጻሕፍት ስደርስ ሴትዮዋ መዝገባቸውን አገላብጠው «አባል አይደለህም፤ ካርድ የሌለውን ሰው መጽሐፍ የለበትም ብዬ እንዴት ልፈርም?» አሉኝ። ቤተ መጻሕፍት እንዳለንም የሰማሁት ያን ዕለት ነው። እናም በተሰናበትኩበት ቀን ፎቶ ሰጥቼ አባል ሆኜ ተመዘገብኩ፤ ወዲያው ደግሞ ምንም እንዳልተዋስኩ ተፈረመልኝ።

ባለቤቴ ዜናውን ስትሰማ አላለቀሰችም። ጥያቄዋ አንድ ነበር።

«ለጎረቤት ምን ልበል?»

«ፊልድ ወጥቷል በያቸው።»

«ቤት ተቀምጠህ?»

ጉዞው የመጣው ከዚህች ጥያቄ ነው። ፊልድ ነው ከተባለ መውጣት ግድ ነው። አርባ ምንጭን የመረጥኩት ደግሞ በሪፖርቶቼ ውስጥ ስሟን ደጋግሜ ስጽፍ ኖሬ አባያንም ጫሞንም በፎቶ እንጂ በዓይኔ ስላላየሁ ነው። መንገዱ በቡታጅራና በሆሳዕና፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ። ባለቤቴ ስንቅ ቋጠረችልኝ፣ ዳቦ ቆሎውን በፌስታል፣ ጭኮውን በዕቃ። በሩ ላይ ቆማም፣ ጎረቤት እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አበሉ ሲገባ ደውልልኝ!» አለችኝ።

መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ስሻገር ልቤ ቀለለኝ። እዚያ ዳርቻ ከ1.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ድንጋይ እየጠረበ መሣሪያ የሚሠራ ፍጡር ይኖር ነበር፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አምጣ ያለው የለም። ዩኔስኮም ቦታውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ2016 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ለዕውቅና ይህን ያህል የሚያስጠብቅ ከሆነ እኔ ምን ቸኮልኩ? ጢያ ስደርስ ትክል ድንጋዮቹን አየሁ። ከ36ቱ 32ቱ ተቀርጸዋል፤ ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተደርድሯል። ሰዎቹ የሥራ ልምዳቸውን እንደ እኔ በማኅተም ሳይሆን በድንጋይ ነው ያስጻፉት ብዬ ቀናሁ።

ከጢያ አልፌ አንዲት ቡና ቤት በር ላይ ሞተሯን ሳቆም ነገሩ ተጀመረ። አንድ ገበሬ ሣጥኑን አየ፣ እኔን አየ፣ መጣና ጨበጠኝ።

«ዩሪያው መቼ ነው የሚገባው?»

እኔ ምን አውቄ! ግን ስድስት ዓመት የሠራ አፍ ባለቤቱን አይጠብቅም፤ «በሂደት ላይ ነው» አልኩ። ገበሬው እንደሚያውቀው ሰው ራሱን ነቀነቀና ወደ ቡናው ተመለሰ። ይህን መልስ ከዚህ በፊትም የሰማው ይመስላል።

እንዳትፈርዱብኝ። ገጠር ውስጥ ሣጥን ጭኖ በሞተር የሚመጣ ሰው መንግሥት ነው። ወይ ግብርና ነው፣ ወይ ጤና፣ ወይ መብራት ቆጣሪ፣ ወይ ግብር። ሥራ ፈትቶ በሞተር የሚዞር ሰው የሚባል ነገር በአገሩ አልታወቀም። ቡታጅራ ሳልደርስ አንዲት እናት ያጎነበሰች ዶሮ አቅፈው መንገድ ላይ አስቆሙኝ። ፈንግል ስለሚሉት የዶሮ በሽታ አንድ ጊዜ ሁለት ገጽ ጽፌ ነበርና «ከሌሎቹ ለይተው ያስቀምጧት» ብዬ ትዝ ያለኝን ተናገርኩ። መረቁኝ። ዶሮዋ ግን ያመነችኝ አልመሰለኝም።

ቡታጅራ ሞተሯ ማሳል ጀመረችና ጋራዥ ገባሁ። ፈረሱላ የሚያህል ቁልፍ የያዘ ልጅ ካንዴላውን ፈትቶ አሸተተው፣ ፍሪሲዮኑን ጨመቀው፣ ማርሚታውን በጫማው መታ መታ አደረገና «ሰው ናት፤ ካንዴላው ነው እንጂ እሷ ሰው ናት» አለ። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ከአገራችን ወጣ ይባላል። ከጋራዥ ግን አልወጣም፤ ጎሚስታው ቤት አሁንም በቃሉ ይገዛል።

ከቡታጅራ ወዲያ፣ ስልጤ ዞን ውስጥ፣ እንሰቱ ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ሠልፈኛ በቆመበት አንድ ሽማግሌ ሣጥኑን በመዳፋቸው እየዳበሱ ቆዩ። በወጣትነታቸው እንዲህ ባለ ሞተር የሚመጣ ሰው በሬዎቻቸውን ለደስታ ይከትብ እንደነበር አጫወቱኝ። የዘመኑ አንባቢ ግር እንዳይለው፣ ደስታ የከብት በሽታ ስም ነው፤ በ1880ዎቹ ክፉ ቀንን ያመጣው፣ የአገሩን በሬ የጨረሰው። በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ በሰው እጅ ከምድር የጠፋ በሽታ ከፈንጣጣ ቀጥሎ እሱ ብቻ ነው።

«ያ ልጅ ወዴት ሄደ?» አሉኝ ሽማግሌው።

በሽታው ሲጠፋ ሥራውም አብሮ ጠፍቶ ይሆናል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ይሸለማል እንጂ ይሰናበታል?» አሉ። የእኔን ጉዳይ ላነሳባቸው ከጅሎኝ ነበር። ግን እኔ በስድስት ዓመት ያጠፋሁት ወረቀት ብቻ ስለሆነ ተውኩት።

ወራቤን አልፌ ወደ ሆሳዕና ስወርድ ሁለት ወጣቶች እጃቸውን እያውለበለቡ መንገድ ዘጉ። ላማቸው ከጠዋት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። «እኔ ዶክተር አይደለሁም» አልኩ። አንደኛው ሣጥኑን አሳየኝ። «የተገዛ ሣጥን ነው» አልኩ። ሁለተኛው ለአንደኛው «ትሑት ሰው ነው» አለው።

የወረዳው ሐኪም ስልክ አላቸው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አላቸው። ደወልኩ። አንድ ጎልማሳ ድምፅ «አውቃለሁ፣ ደውለውልኛል፤ ቤንዚን የለኝም» አለ። ማደያው ከደረቀ ቀናት ሆነውታል፣ በሃይላንድ የሚሸጡት ደግሞ ዋጋውን ሰማይ ሰቅለውታል። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር የኮረኮንች መንገድ ነድቼ አመጣሁት።

ስለ ማዋለዱ ብዙ ባወራ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሐኪሙ ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቶ የጥጃውን እግሮች በገመድ አሰረና ጫፉን ለእኔ ሰጠኝ። «ሳብ ስልህ ትስባለህ፣ ተው ስልህ ትተዋለህ።» በሕይወቴ እንዲህ ግልጽ የሥራ መዘርዝር ተሰጥቶኝ አያውቅም። ሳብ አለ፤ ሳብኩ። ተው አለ፤ ተውኩ። መጨረሻ ላይ ጥጃው፣ ገመዱና እኔ አንድ ላይ ወደቅን። ሄልሜቴን ሳላወልቅ መቆየቴን ያወቅሁት ያኔ ነው። ላሟ ዞራ ጥጃዋን ትልስ ጀመር። እኔን ደግሞ ቆጮና አይብ አቀረቡልኝ። የቤቱ አባወራ «ሥራህ ይባረክ» አሉኝ። የትኛው ሥራዬ ብዬ አልጠየቅኩም።

ከዚያ ሐኪሙ «እግረ መንገዳችንን» አለ። እግረ መንገዱ አንድ ያነከሰ በሬ፣ አንድ የተነፋ በግና አንድ ምንም ያልሆነች ግን ባለቤቷ በጣም የሚወዳት አህያ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤቱ አደረስኩት። ቱቦ አወጣና «ነገ ከተጠራሁ» ብሎ ሁለት ሊትር ከሳልባቲዮዬ ቀዳ። ደረሰኝ እንደሌለው ነግሮኝ ይቅርታ ጠየቀ። ቀጥሎ ደረቱ ላይ ካለው ኪስ የታጠፈ ደብተር አወጣና ተንበርክኮ የዕለቱን ሥራ መጻፍ ያዘ። የሙያ ነገር ሆኖብኝ በትከሻው በኩል አጮልቄ አነበብኩ። «ከአጋር አካላት ጋር በመቀናጀት 1 ላም…»

«እነማን ናቸው?» አልኩት።

«እነማን?»

«አጋር አካላቱ።»

ቀና ሳይል በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

ለባለቤቴ ደውዬ ልነግራት አሰብኩ፤ ስልኬ ግን ሞቷል። ሆሳዕና ልገባ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረኝ ሞተሯም ሁለት ጊዜ ተንፈቅፍቃ ዝም አለች። ሳልባቲዮውን ከፍቼ ነቀነቅኩት፤ ድምፅ የለም። አጋር አካል ሆዬ ወርዶ መግፋት ጀመረ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ከአንድ የእንሰት አጥር ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ ብቅ አለችና ሣጥኑን አየች።

«ዶክተር! ዶክተር! ፍየላችን አልበላም አለች!»

ሞተሯን አጥሩ ላይ አስደገፍኳትና ተከትያት ገባሁ።