በጎ ፈቃደኛ በአቴንዳንስ

(አዲስ አበባ፣ ሐምሌ ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት። እማማ ወርቄ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዳዊት የተባለ የኩባንያ ሒሳብ ሠራተኛ፣ አዲስ ቲሸርትና ቆብ አድርጎ ብሩሽ ይዞ ይመጣል።)

ዳዊት፦ እንዴት አደሩ እማማ? ቤትዎን ልናድስ መጥተናል።

እማማ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ስንት ናችሁ?

ዳዊት፦ 60።

እማማ፦ ለአንድ ክፍል ቤት 60 ሰው! በየት ልትገቡ ነው?

ዳዊት፦ መግባት አያስፈልገንም። የምንቀባው በአስፋልቱ በኩል ያለውን ግድግዳ ነው።

እማማ፦ እሱንማ አምና ሌላ መሥሪያ ቤት መጥቶ አረንጓዴ ቀብቶታል። ካቻምና ቢጫ ነበር።

ዳዊት፦ ዘንድሮ ሰማያዊ ይሆናል፤ የድርጅታችን ቀለም ነው።

እማማ፦ ይሁን። እኔን ያስቸገረኝ ግን ጣሪያው ነው፤ ያፈሳል። ሁለት ቆርቆሮ ቢቀየርልኝ…

ዳዊት፦ ጣሪያ ፎቶ ላይ አይወጣም እማማ።

እማማ፦ ዝናቡ ግን ያለ ፎቶም አላጣውም። ለመሆኑ በፈቃድህ ነው የመጣኸው?

ዳዊት፦ እንዴታ! በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ያልመጣ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል፤ አቴንዳንስ ፈርሜያለሁ።

እማማ፦ በዚህስ አልፈርድባችሁም፤ እድራችንም ከቀብር የቀረውን ይቀጣል። ብቻ እድር ድንኳን የሚተክለው ለቅሶ ያለበት ቤት ነው፤ እናንተ ግን አስፋልት ያለበትን ቤት ትመርጣላችሁ።

ዳዊት፦ ሌላም ሥራ አለን እኮ! አረንጓዴ አሻራ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ አንድም ክረምት አላለፈንም። አምና እንጦጦ ላይ ችግኝ ተክለናል።

እማማ፦ ጸደቀ?

ዳዊት፦ አዎ፣ ሪፖርቱ በቦርድ ጸድቋል።

እማማ፦ ችግኙን ነው የምልህ! በበጋ ማን ያጠጣዋል?

ዳዊት፦ ጥር ላይ የግማሽ ዓመት ሒሳብ ስለምንዘጋ አይመቸንም። ደምም እንለግሳለን፤ በዓመት አንዴ፣ ድርጅቱ በተመሠረተበት ቀን።

እማማ፦ በየሦስት ወሩ መስጠት ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ። ወላዷ የእናንተን ልደት ጠብቃ ትድማ?

ዳዊት፦ (ዝም ይላል።)

እማማ፦ እኔ ባደግሁበት አገር ደቦ ሲጠራ በሬ ያለው በሬውን፣ ማጭድ ያለው ማጭዱን ይዞ ይመጣል። ያንተ ሙያ ምንድን ነው?

ዳዊት፦ ሒሳብ።

እማማ፦ ታዲያ ብሩሽ ምን አስያዘህ? ከመሃላችሁ አናጢ አለ?

ዳዊት፦ የለም። ሥራ አስኪያጆች፣ ሒሳብ ሠራተኞችና ሁለት ካሜራማኖች ነን።

እማማ፦ እድራችን መዝገቡ ከተመረመረ ዓመታት አልፈዋል። ጸሐፊው አርጅቷል፣ ገንዘብ ያዡ አኩርፏል፣ አባሉ ይጠራጠራል። አንድ ሒሳብ አዋቂ አንድ ቅዳሜ ቢቀመጥበት ሰፈሩ ይታረቃል።

ዳዊት፦ እሱ በፎቶ ምን ይመስላል? ደብተር ላይ ያጎነበሰ አንድ ሰው ብቻ!

እማማ፦ ሥራ የሚሠራ ሰው ይመስላል።

ዳዊት፦ (ካሜራማኑ ሲጠራው) እማማ፣ እስቲ ይህን ባነር በአንድ በኩል ይያዙልን።

እማማ፦ ምን ይላል?

ዳዊት፦ «ለኅብረተሰባችን ሁሌም አለን!»

እማማ፦ ፕላስቲክ ነው? ውሃ ያስገባል?

ዳዊት፦ ጠብታ አያስገባም!

እማማ፦ እንግዲያው ትታችሁልኝ ሂዱ፤ ጣሪያው ላይ አለብሰዋለሁ።

ዳዊት፦ ኧረ አለቃችን… ጽሑፉ በየት በኩል ሊሆን ነው?

እማማ፦ ወደ ላይ። እግዜር ያንብበው፤ ሰው አንብቦታል።

ዳዊት፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እማማ፣ ያን መዝገብ የሚቀጥለው ቅዳሜ ልየው? አቴንዳንስ ስለሌለው ግን በግሌ ነው የምመጣው።

እማማ፦ ና! ቲሸርቱን ትተህ ካልኩሌተርህን ያዝ። ለአለቃህም ንገርልኝ፦ ሊረዳ የመጣ ሰው ቀለም ከመበጥበጡ በፊት «ምን ጎደለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከጠየቀ በኋላ ደግሞ ያንኑ የጎደለውን ይሞላል።