ሹፌር ጠፋ ተብሎ መኪና ይፈርሳል?

«ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረግ!» አለ አሉ አንዱ። ምን ተገኝቶ? የስክሪኑ ጽሑፍ ገዝፎ ደብዝዞ። እሰይ የኔ ባለሙያ! ይሄ ሰው ሐኪም ቢሆን ኖሮ መነጽር ለጠየቀው አንገት ይቆርጥ ነበር። ጥራት ይስተካከልልን ብንል ጥራዝ ነጠቅ ተላከልን። ጠጋ ጠጋ በሉና ፍረዱ።

«ሞኒተሩ ተበላሽቷል» ይላል። ወዳጄ፣ ሞኒተሩ ምን በደለህ? አራተኛ ክፍል እያለህ «ረባሽ» ብሎ ስምህን የጻፈው ሞኒተር እኮ ይሄ አይደለም! ይሄኛው የሰጡትን ነው የሚያሳየው። ለ1920 በ1080 የተሠራ ስክሪን 2,073,600 ነጥብ አለው። አንተ 1024 በ768 ላይ ጥለኸው 786,432 ብቻ ታቀብለዋለህ። የሁለት ሰው ሽሮ ለአምስት ሰው አቅጥነህ «ወጡ ቀጠነ» ብለህ ሳህኑን ትሰድባለህ።

«ቢሆንም ስክሪኑን ሞልቶታል።» አዎ፣ ሞልቶታል! 4 በ3 የነበረውን 16 በ9 ላይ ወጥረኸዋል። ፎቶው ከመለጠጡ የተነሳ ሙሽራዋ ሚዜዎቿን ውጣ የተነሳች መስላለች። አይኮኑ ከመግዘፉ የተነሳ ሪሳይክል ቢኑን ሊያነሳ የወረዳው ቆሻሻ መኪና መጥቷል።

«እንግዲያው የግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል።» መጀመሪያ ዲቫይስ ማናጀርን ክፈት። ድራይቨሩ ሲታመም ካርዱ አጠገብ ቢጫ ቃለ አጋኖ ይለጠፋል። ቢጫ! ማስጠንቀቂያ! አንተ ግን ቀይ መዘህ ተጫዋቹንም፣ አሠልጣኙንም፣ ኳስ አቀባዩንም አባረርክ።

ድራይቨር ማለት ሹፌር ነው፣ ጌታዬ። ጨርሶ ሲጠፋ ዊንዶውስ ረዳቱን መሪ ላይ ያስቀምጣል፤ የረዳቱም ስም ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር ነው። መኪናው ይሄዳል፤ ግን ከአንደኛ ማርሽ አያልፍም።

«ለዚህ አይደል ፎርማት ያልኩት!» ኧረ ጉድ በሉ! ፎርማት ሲደረግ ማን ይባረራል? ሹፌሩ! ኢንተርኔት ከሌለህማ ያው ረዳት መሪውን እንደጨበጠ ይቀራል። ሹፌር ጠፋ ብለህ የቀረውን ሹፌር አባረርክ፤ አልበቃ ብሎህ ተሳፋሪውን፣ የሠርግ ፎቶውንና የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ገደል ከተትክ።

ሥራው እኮ ይሄን ያህል ነው፦ የካርዱን ስም እይ። ኢንቴል ከሆነ ከኢንቴል፣ ኤንቪዲያ ከሆነ ከኤንቪዲያ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ከሠሪው ድረ ገጽ ድራይቨሩን አውርደህ ጫን። አዲሱ ሹፌር ካስቸገረ «ሮል ባክ» ብለህ የድሮውን ጥራ። ከዚያ ሪዞሉሽኑን «ሪኮሜንድድ» የሚለው ላይ አድርግ። ተሳስተህ ስክሪኑ ቢጨልም እጅህን ሰብስብ፤ ዊንዶውስ 15 ሰከንድ ቆጥሮ ራሱ ወደነበረበት ይመልሰዋል።

ማሽኑ እንኳ ከስህተቱ ለመመለስ 15 ሰከንድ ይቆጥራል። አንተም «ፎርማት» ከማለትህ በፊት ቁጠር።