ከማርከሩ በፊት አጎበሩ

ሐምሌ በፎገራ ሜዳ ሥራ የሚበረታበት ወር ነው። ሩዙ በቅሏል፤ አረሙም ሳይጠሩት አብሮ በቅሏል። ርብና ጉማራ ደፍርሰው ወደ ጣና ይጋልባሉ፤ ሲብስባቸውም ሜዳውን ራሱን ሐይቅ ያደርጉታል። እንዲህ እጅ ባጠረበት ሰሞን ነው እንግዲህ ከአዲስ አበባ ፈተና የሚመጣው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሰኔ ማለቂያና ሐምሌ ላይ መዋልን ስለለመደ፣ የፎገራዋ ከተማ የወረታ ዙሪያ ተማሪ ቀን ከአረም፣ ማታ ከፊዚክስ ጋር ሲታገል ይከርማል። ሩዙ ወደዚህ ሜዳ ሲገባ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ነበረበት። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ የሚደርሰውን መንገድ የሠሩት ቻይናዎች ናቸው። ፈተናው ግን የገዛ ራሳችን ነው፤ የሚወቀስ የውጭ አገር የለም።

እንዴት ያለ ፈተና እንደሆነ ለማወቅ ውጤቱን ማየት ይበቃል። ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ተነሥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መፈተን የጀመሩት በ2014ቱ ፈተና ነው፤ እሱም ቢሆን የተሰጠው ዘግይቶ፣ ከመስከረም 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነበር። በዚያ ዓመት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በተከታዩ ዓመት ይባስ ብሎ 3.2 ሆነ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶችም አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀሩ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ አለ። ዕድገት ነው፣ እሰየው ነው። ቢሆንም ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ውጤቱን ካየ በኋላ የሚመለከተው ወይ የማካካሻውን ትምህርት ሪሚዲያልን፣ ወይ የአባቱን ማሳ ነው።

ይህን ሁሉ በተማሪው ስንፍና ማላከክ ግፍ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ሙሉውን ዜሮ ሲያመጣ ሰነፍ ተማሪ ብቻውን ያን ያህል ሥራ ሊሠራ አይችልም። ይህ ወግ ግን ስለ ትምህርት ሚኒስቴር አይደለም። እጁ ላይ ያለውን ጊዜ በምን ላይ እንደሚያጠፋው ስለ ተማሪው ነው፤ እዚያ ላይ ብዙ የሚያስቅ ነገር አለ።

ድሮ፣ ማለትም ፈተናው እዚያው በሰፈር ትምህርት ቤት ሲሰጥ፣ ጥናት ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ማጥናት፣ ሁለተኛው አጥኚው አጠገብ መቀመጥ። አጤሬራ የሚባለውም ጥበብ ነበር፤ የዓመቱን ኬሚስትሪ በክብሪት ቀፎ ስፋት ወረቀት ላይ የሚያሰፍር ጽሑፍ፣ የብራና ጸሐፊ የሚቀናበት። በግንቦት 2008 የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው በአገር ደረጃ ሲሰረዝ፣ ለወራት ያጠናውም ያላጠናውም እኩል ደነገጠ። አሁን ግን ተማሪው ስልኩን ትቶ፣ ተፈትሾ፣ በማያውቀው ግቢ ከማያውቀው ልጅ ጋር ይቀመጣል። የወረታ ልጅ ባሕር ዳር ቢመደብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደብረ ታቦር ቢመደብ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ርቀት ይጓዛል። የትም ቢመደብ ይዞት የሚገባው ጭንቅላቱን ነው። ጭንቅላቱን ደግሞ በምን እንደሞላው እንይ።

ከገጠር ቀበሌ መጥተው ወረታ ላይ አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ። ስንቃቸው በየሳምንቱ ከቤት ይመጣል፤ እንጀራው እንደ አገሩ ወግ ሩዝ የተቀላቀለበት ነው፣ በሶውም አይታጣም። ከሦስቱ አንዱ ሁልጊዜ ቸካይ ነው። ቸካይ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ክፍሉን ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ፣ አንዲቱን ዓረፍተ ነገር ነፍሷ እስክትወጣ ይደጋግማታል። «ማይቶኮንድሪያ ኢዝ ዘ ፓወር ሃውስ ኦቭ ዘ ሴል!» ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ አከራዪቱ በሩን ያንኳኳሉ።

«ልጄ፣ ይኼ ማይቶኮንድሪያ የምትለው ሰውዬ ምን አድርጎህ ነው ሌሊቱን ሙሉ የምትጠራው?»

«ሰው አይደለም፣ እትዬ። ባዮሎጂ ነው።»

«ታዲያ ምን ማለት ነው?»

«እሱ አይጠየቅም፣ እትዬ። ፈተናው ምርጫ ነው።»

ሁለተኛው ልጅ ማርከር አለው። ቢጫ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ። ሲጀምር ዋና ዋናውን ነጥብ ብቻ ሊያቀልም ነበር፤ ምዕራፍ ሦስት ላይ ሲደርስ ያልተቀለመ መስመር ካለ አስፈላጊው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሦስተኛው የጥናት ፕሮግራም አውጪ ነው። በማስመሪያ የተሰመረ፣ በየቀለሙ የተከፋፈለ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት «መነሣት» ብሎ የሚጀምር ሰንጠረዥ ግድግዳው ላይ ለጥፏል። ሰንጠረዡን ለማሳመር ሁለት ቀን ስለፈጀበት በዕቅዱ መሠረት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ስለዚህ አዲስ ሰንጠረዥ እያወጣ ነው። ስልክ ያለው ተማሪ ደግሞ አጋዥ መጽሐፍና ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን በፒዲኤፍ ያከማቻል። ያወረደውን ያነበበው ይመስለዋል። ስልኩ «ማከማቻዬ ሞልቷል» ሲለው የእሱም ጭንቅላት አብሮ የሞላ ያህል እፎይ ይላል።

ሁሉም ታታሪዎች ናቸው። ችግሩ የሚለፉት ከመጽሐፉ ጋር መሆኑ ነው፤ የሚፈተኑት ግን መጽሐፉ በሌለበት ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ የተሠራ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ከፋፍለው አጭር ጽሑፍ ሰጧቸው። አንዱ ቡድን ጽሑፉን በአራት ዙር አነበበው። ሌላው በአንድ ዙር ብቻ አንብቦ፣ ከዚያ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ሦስት ጊዜ በባዶ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ በአራት ዙር ያነበቡት 40 ከመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ በአንድ ዙር አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት 61 ከመቶ አስታወሱ። የሚገርመው «በደንብ አስታውሰዋለሁ» ብለው ይበልጥ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። «ማታ እኮ ችዬው ነበር!» የሚለው የፈተና ማግስት ለቅሶ ውሸት አይደለም ማለት ነው። ማታ ችሎት ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቢፈትኑት ኖሮ ያልፍ ነበር።

ማርከሩም ከፍርድ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የአጠናን ዘዴዎችን ሲመዝኑ ማቅለምንና ደጋግሞ ማንበብን ዝቅተኛ ጥቅም ካላቸው መደብ አስቀመጧቸው። ከፍተኛውን ቦታ ያገኙት ሁለት ናቸው፤ ራስን መፈተንና ጥናትን በቀናት ከፋፍሎ ማካሄድ።

ይህን ለመስማት ግን አሜሪካ መሻገር አያስፈልግም ነበር። ፎገራ ያለበት ደቡብ ጎንደር እኮ የቤተልሔም አገር ነው፤ የድጓ ማስመስከሪያው። ዙር አባም እዚሁ ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት። በአብነት ትምህርት ቤት ልጁ ቀን ፊደልና ንባብ ሲማር ይውልና፣ ሲመሽ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ የቃል ትምህርት ይቀጽላል። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ ሲያስቀጽል የራሱንም ያጸናል። የቅኔ ተማሪ ደግሞ ከመምህሩ የሰማውን ይዞ ወደ ጥላ ሥር ያፈገፍጋል፤ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ይመለስና ለመምህሩ ይነግራል። ከተሳሳተ እዚያው ይታረማል፣ ነገም ይሞክራል። «ገብቶኛል» ብሎ መቀመጥ የለም፤ ገብቶህ እንደሆነ ንገረን ነው ነገሩ። የቆሎ ተማሪ ማርከር ገዝቶ አያውቅም።

አብነት ትምህርት ቤት ሽምደዳ ብቻ ነው ብሎ የሚያጣጥል ሰው ይኖራል። ሽምደዳ አለበት፤ ማንም አይክድም። የዘመናዊው ቸካይ ግን ከሽምደዳውም ክፉውን መርጦ ነው የወሰደው። መጽሐፉን ሳይዘጋ ይሸመድዳል፤ ማንም አያርመውም፤ ለማንም አይነግርም። የመምህሩ ጥያቄ ቀርቶ ጩኸቱ ብቻ ተርፎታል።

ራስን የመፈተኛው አሠራር እንዲህ ነው። አንድ ምዕራፍ አንብቦ መጽሐፉን መዝጋት። ባዶ ወረቀት አውጥቶ የሚያስታውሱትን ሁሉ መጻፍ፤ መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ሦስት መስመር ቢሆን አለመደንገጥ። ከዚያ መጽሐፉን ከፍቶ የጎደለውን ማየት፣ የጎደለውን ብቻ እንደገና ማንበብ። ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች መልሱን ሳያዩ፣ ሰዓት ይዞ መሥራት። ያሳዝናል፣ ይህ ዘዴ ደስ አይልም። ማርከር ሲያቀልሙ ሰው የተማረ ይመስለዋል፤ በባዶ ወረቀት ፊት ሲቀመጡ ግን ድንቁርና ፊት ለፊት ይመጣል። ተማሪው የሚሸሸውም ለዚህ ነው። ከሐምሌው ፈተና በፊት በሚያዝያ ቢያፍር ግን ይሻለዋል።

ጊዜን ስለ መከፋፈልም የፎገራ ልጅ ከማንም በፊት ሊገባው በተገባ ነበር። አባቱ ሩዙን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያርም አንዱን ካንዱ በሳምንታት ያራርቀዋል፤ በአንድ ቀን ሦስቴ አርሞ «ጨረስኩ» የሚል ገበሬ በሜዳው የለም፤ ቢኖርም ጎረቤት ይስቅበታል። ልጁ ግን ከዚሁ ማሳ ተመልሶ የአራት ዓመቱን ሒሳብ በፈተናው ሳምንት ሊያርም ይነሣል። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት እየሸመደደ የገዛ ራሱን የመርሳት ፍጥነት ለክቶ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ያገኘውም ይህንኑ ነው፤ የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት ይጠፋል፣ እየተከፋፈለ ቢደገም ግን ይጸናል።

አሁን ወደ አጎበሩ። ፎገራ የወባ አገር ነው፤ ውሃው ያቆረበት ሜዳ ትንኝ አያጣም። ወባ በአገራችን ከክረምት በኋላ በመስከረምና በኅዳር መካከል ትበረታለች፤ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለውም ጊዜ ሁለተኛ ዙር አላት። ሁለተኛው ዙር ከፈተናው ዝግጅት ጋር መግጠሙን ልብ ይሏል። ዓመቱን ሙሉ አጥንቶ በመጨረሻው ሳምንት እየተንቀጠቀጠ የሚተኛ ልጅ፣ ጎበዝም ቢሆን፣ በትኩሳት ውስጥ አልጀብራ አይሠራም። ደጅ ላይ በመንገድ መብራት ሥር እስከ እኩለ ሌሊት የሚያጠናው ጀግናም የሚያነበው ለራሱ፣ የሚያበላው ትንኟን ነው። ማታ በጊዜ አጎበር ውስጥ መግባት እንግዲህ ከጥናት ዘዴዎች አንዱ ነው። እንቅልፉም እንዲሁ፤ ቀን የተጠናው ነገር አእምሮ ውስጥ የሚረጋው ሰው ሲተኛ ነው። «ሌሊቱን ሙሉ አላሸለብኩም» የሚለው ፉከራ ለሰርግ ቤት ይሁን።

ስለ ዕድልም አንድ ነገር እንበል፤ «ካላወቅከው ሲን አጥቁር» የሚል ሃይማኖት አለና። አራት ምርጫ ባለው ፈተና ሁሉን በጭፍን ያጠቆረ ሰው በአማካይ 25 ከመቶ ያገኛል። ማለፊያው 50 ነው። ሲ የምትባለው ፊደል ግማሽ መንገድ ትሸኛለች፤ ከዚያ ወዲያ አታውቅም። የማያውቁትን ጥያቄ ባዶ ከመተው መገመት ይሻላል፤ ከመገመት በፊት ደግሞ በእርግጠኝነት የተሳሳቱትን ምርጫዎች ማስወገድ።

ከዕድልም ከጥናትም በላይ የሆነ ነገር አለ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን እንደዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔትንም ለረጅም ጊዜ እንዳቋረጠ ይታወቃል። ለፈተና ሳይቀመጡ የቀሩ ልጆች ብዙ ናቸው። በዚያ ላይ ምንም ቀልድ የለም። የተረፈው ተማሪ ግን አንድ መጽሐፍ ለአምስት እየተጋራ፣ አንዱ ጠያቂ ሌላው መላሽ እየሆነ ሲያጠና የኖረው በችግር ምክንያት ነው፤ ሳይንሱ የሚመክረውም ያንኑ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ለፎገራ ወላጆች አንድ ልመና አለ። ፈተናው ሲቃረብ ልጁን ከአረም ነፃ አውጡት ቢባል ሩዙ ማን አለው? አይባልም። ግን አብራችሁ ስታርሙ፣ ጎንበስ እንዳላችሁ፣ «እስቲ ዛሬ ያነበብከውን ንገረኝ» በሉት። ፊደል አለመቁጠራችሁ አያግድም፤ መልሱን ማወቅም አይጠበቅባችሁም። ሲንተባተብ ትሰማላችሁ፣ ያኔ «ይኼን ማታ እየው» ማለት ነው። ልጅቷንም እንዲሁ ጠይቋት፤ ከእርሻው ስትመለስ ውሃ ቅጂ፣ ወጥ ሥሪ እየተባለች መጽሐፍ የምትከፍተው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነውና፣ ከማጀቱ ሥራ ሁለት ሰዓት ቀንሱላት። አጎበሩም የተቀደደ እንደሆነ ሰፍታችሁ ስቀሉት።