ብቅልና አሻሮ

የትምህርት ዕቅድ ቅጻችን ብዙ ዓምድ አለው፤ ርዕስ፣ ዓላማ፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ መርጃ መሣሪያ፣ ጊዜ፣ ምዘና። ሥጋ ቤት መቼ እንደሚዘጋ፣ ገብስ በስንት ቀን እንደሚበቅል፣ የቤተ ሙከራው ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ የሚጻፍበት ዓምድ ግን የለውም። ደብረ ብርሃን ላይ ባዮሎጂን በተግባር ላስተምር ብዬ ያየሁት አበሳ አብዛኛው የመጣው ከዚያ ከጎደለው ዓምድ ነው።

ከልብ ልጀምር። በዓመታዊ ዕቅዳችን የደም ዝውውር የተመደበው መጋቢት ላይ ነበር፤ መጋቢት ደግሞ ዐቢይ ጾም ነው። በእነዚያ 55 ቀናት የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ዝግ ነው። የሙስሊሙ ክፍት ነው፤ ነገር ግን ክፍሌ ውስጥ የሁለቱም ሃይማኖት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ የሌላውን እርድ አይቀምስም፤ መብላቱ ቀርቶ መንካቱ የሚከብደውም አለ። ልጆቹን ጠየቅኳቸው። “ቲቸር፣ ከፋሲካ በኋላ ቢሆንልን” አሉ። ትክክል ናቸው። ልብ ከፍቶ ማየት ማለት ጣትን አስገብቶ መዳሰስ ነው፤ እጁን የሚሰበስብ ልጅ ደግሞ ከመጽሐፉ ሥዕል የበለጠ አያገኝም። ርዕሱን ወደ ግንቦት ገፋሁት። ዕቅድ የሚቆጣጠረን ባልደረባ “ግንቦት ላይ እኮ ሌላ ምዕራፍ ነው ያለህ” እያለ ቢከራከረኝም፣ ምዕራፎቹን አቀያይሬ አስፈረምኩት።

ግንቦት ሲመጣ ሁለት የበሬ ልብ ገዛሁ፤ አንዱን ከክርስቲያን፣ አንዱን ከሙስሊም ሥጋ ቤት። ውሃ ከላይ እያፈሰስን ቫልቮቹ እንዴት እንደሚዘጉ ልናይ ነው ዕቅዱ። የመጀመሪያው ቡድን ውሃውን ሲያንቆረቁር በጎን በኩል ፏ ብሎ ወጥቶ ጠረጴዛውን አጥቦ ልጆቹ ጫማ ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ልቦቹ ግድግዳቸው ላይ በቢላዋ ተሰንጥቀው ነበር፤ ሥዕሉ ላይ ቀጥ ብለው የሚታዩት ትልልቅ የደም ሥሮችም ከሥራቸው ተቆርጠዋል። “ቲቸር፣ ማነው የቀደደው?” አለ አንዱ።

የቀደደው የቄራው የሥጋ መርማሪ ነው። መርማሪው የልብን፣ የምላስንና የመንጋጋን ጡንቻ ሰንጥቆ የኮሶ ትል ዕጭ መኖር አለመኖሩን ያያል፤ ዕጩ ሥጋው ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ የቋጠረ ፍሬ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ይህን ስነግራቸው የደም ዝውውሩ ቀረና ክፍሉ ሁሉ ወደ ኮሶ ዞረ። ትሉ ከሰው አንጀት በዓይነ ምድር ይወጣል፣ ሜዳ ላይ የወደቀውን እንቁላል ከብቱ ከሣሩ ጋር ይግጠዋል፣ በሥጋው ውስጥ ዕጭ ይሆናል፣ ሰው ጥሬ ሲበላው ዑደቱ ይዘጋል። ጥሬ ሥጋ የማይወደድበት ቤት በእኛ አገር ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ማባሪያ አልነበረውም። የኮሶን አበባ አያቶቻቸው እንዴት አድርገው ይጠጡት እንደነበር የሚያውቁ ልጆችም ነበሩ። በዕቅዴ ላይ ይህ አንድ መስመር አልነበረውም፤ ከዓመቱ ትምህርት ሁሉ በጣም የገባቸው ግን እሱ ይመስለኛል።

ልቡንም አልተውነውም። ውሃው ባይሠራ በስንጥቁ በኩል ከላይ እስከ ታች ከፈትነው። በግራው ክፍል ውስጥ ቫልቩን ከግድግዳው ጋር የያዙት ነጫጭ ጅማቶች እንደ ድንኳን ገመድ ተወጥረው ይታያሉ። አንዷ ልጅ በጣቷ ሳብ አደረገቻቸው፤ አልበጠስ አሏት። ከዚያ በሁለት ጣቶቿ መካከል የግራውን ግድግዳ ያዘች፣ የቀኙንም ያዘች፣ “ይኼኛው ለምን ይህን ያህል ወፈረ?” አለች። ቀኙ ደሙን እዚያው አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ነው የሚገፋው፤ ግራው ግን እስከ እግር ጥፍር ድረስ መግፋት አለበት። መልሱን ሳልሰጣት ራሷ ደረሰችበት።

የድርቆሹ ውሃ ነገር ደግሞ አጭር ነው። ድርቆሽ በበሬሳ ወንዝ ውሃ ዘፍዝፎ ለሳምንት ያህል ቢያስቀምጡት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ይፈሉበታል፤ ፓራሚሲየምን ለማየት ከዚህ የረከሰ መንገድ የለም። ጠርሙሶቹን መስኮት ላይ ደረደርኳቸው። አንድ ሰኞ ጠዋት ስመጣ ሁሉም ታጥበው፣ ተወልውለው፣ አፋቸው ተደፍቶ ቆዩኝ። የጽዳት ሠራተኛዋ እናት “ሸተተኝ ልጄ፤ ልጆቹ ይታመማሉ ብዬ ነው” አሉኝ። እንዴት ይፈረድባቸዋል? የሸተተ ውሃ ትምህርት ቤት ውስጥ መገኘት የለበትም። እንደገና ዘፈዘፍን፤ ሲደርስም መጀመሪያ ያሳየሁት ለእሳቸው ነው። መስተዋት ያለው ማይክሮስኮፕ መብራት ቢጠፋም በፀሐይ ይሠራል። ዓይናቸውን አስጠግተው ብዙ ቆዩና “እትዬ፣ ታየዎት?” ስላቸው “ይኼን ሁሉ ነፍስ ነው እንዴ ያፈሰስኩት!” አሉ። ከዚያ ወዲህ ጠርሙሶቹን የሚጠብቁልኝ እሳቸው ናቸው። የጽዳት ሠራተኛና የጥበቃ ስም ያልገባበት የተግባር ትምህርት ዕቅድ ጎዶሎ ነው የምለው ለዚህ ነው።

“ቤተ ሙከራ ሳይኖር ምን የተግባር ትምህርት አለ?” የሚሉ መምህራን ብዙ ናቸው፤ ችግሩም እውነት ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ ዶክተር አክሊሉ ለማን አነሣላቸዋለሁ። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያን ተሕዋስ ተሸካሚ ናቸው፤ ከዚያ ምልከታ ተነሥቶ ነው እንዶድ በሽታውን ለመከላከል የተጠናው። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኙትም በዚሁ ሥራ ነው። ነገሩ የተጀመረው ልብስ ማጠቢያ ዳር ነው። የእኛም ልጆች በየቤታቸው እርሾ አለ፣ ጥንስስ አለ፣ ለበዓል ዶሮ በ12 ብልት ስትገነጠል ቆመው ያያሉ። ይህን ሁሉ ትተን በአገራችን ገበያ የማይገኝ ዕቃ የሚጠይቅ መመሪያ ይዘን መቀመጣችን ያናድደኛል።

የኢንዛይምን ትምህርት በብቅል ለማስተማር የተነሣሁት በዚህ ሐሳብ ነው። ገብስ ሲበቅል በውስጡ ያከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጥ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ያመርታል። ብቅል የሚሠራውም ለዚሁ ነው። ስታርች በአዮዲን ሲነካ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ ስታርቹ ሲያልቅ ቀለሙ አይመጣም። ስለዚህ ቀጭን የዱቄት አጥሚት፣ የብቅል ውሃና ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አዮዲን ካለ ሙከራው አለ። ቅጠል በአልኮል አፍልቶ ስታርች መፈለጉን ግን ሆን ብዬ ተውኩት፤ መብራት በሚጠፋበት ቦታ አልኮልን ከከሰል እሳት አጠገብ አላስቀምጥም።

ዕቅዱ ልጆቹ ገብሱን ራሳቸው እንዲያበቅሉ ነበር፤ ዘፍዝፈው፣ አጠንፍፈው፣ በጆንያ ጠቅልለው ድንጋይ እንዲጭኑበት። በመሐል አንድ አባት መጡ። “መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጄን ጠላ ልታስጠምቁብኝ ነው ወይ?” አሉኝ በትሕትና። እምነታቸው መጠጥ አይፈቅድም። አስገብቼ አዮዲኑን አሳየኋቸው፤ የሚጠመቅም የሚቀመስም ነገር እንደሌለ አስረዳኋቸው፤ ተግባብተን ተለያየን። ወላጅ አስቀድሞ ማወቁ ተገቢ ነው፤ አሁን ከሙከራው በፊት ለሁሉም ቤት መልእክት እልካለሁ።

ከአባትየው በኋላ የመጣው ውርጩ ነው። የደብረ ብርሃን ታኅሣሥ ገብስ አያስበቅልም ማለት ይቻላል። ክፍለ ጊዜው ደረሰ፤ ጆንያዎቹ ሲፈቱ ፍሬው ሥር እንኳ በቅጡ አላወጣም። ገብሱ ለእኔ ሰንጠረዥ ብሎ አይቸኩልም። ልጆቹን “እንግዲያው ከየቤታችሁ የደረሰ ብቅል አምጡ” አልኳቸው።

በቀጠሮው ቀን የቤተ ሙከራው ቁልፍ ያለው ሰው ቀብር ሄዷል፤ መብራትም የለም። ከ60 የሚበልጡ ልጆች ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁ፤ ከሰል ተቀጣጠለ፣ ውሃ ተሞቀ። ብቅሉን ለብ ባለ ውሃ በጥብጠው በጨርቅ አጠለሉት፤ ከአጥሚቱ ጋር ቀላቅለውም እንዳይቀዘቅዝ ሞቅ ያለ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ አስቀመጡት። ከቤታቸው ባመጡት ነጭ የሲኒ ማስቀመጫ ላይ የአዮዲን ጠብታ ደረደሩ። በየሁለት ደቂቃው ከድብልቁ አንድ ጠብታ ይጨመርበታል። የመጀመሪያው ጠብታ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ቀጥሎ ሐምራዊ፣ ከዚያ ቀላ ያለ ቡኒ፣ በመጨረሻ የአዮዲኑ የራሱ ቢጫማ መልክ ብቻ ቀረ። ጩኸቱ ከግቢው አልፎ ተሰማ።

አንድ ቡድን ብቻ ዝም አለ። ጠብታዎቻቸው ከዳር እስከ ዳር እንደጠቆሩ ናቸው። እህሉን ያመጣችው ከገጠር መጥታ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት፤ ስንቅ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው ያደረሰላት። ጓደኞቿ ይወቅሷት ጀመር። እህሉን አፍንጫዬ ላይ አስጠጋሁት፤ የተቆላ ይሸታል። አሻሮ ነበር። ክፍሉን ሁሉ ሰብስቤ እንዲያሸቱት አደረግኩ።

“እሳት ያየ እህል መቼ ሊሠራ!” አለ አንዱ። “የለም፣ መጀመሪያውኑ ስላልበቀለ ነው” አለች ሌላዋ። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ አሻሮ ከብቅል የሚለየው በሁለት ነገር ነው፤ አልበቀለም፣ ተቆልቷል። እኔ ለማስረዳት አፌን ስከፍት ያቺው ልጅ፣ ሲወቅሷት ዝም ያለችው፣ “ብቅሉን ራሱን ብንቆላውስ?” አለች። እውነተኛ ተመራማሪ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ሁለት ምክንያት ሲኖር አንዱን ለይቶ መፈተን።

ደወሉ ተደወለ። 40 ደቂቃችን አለቀ። ተከታዩ የሒሳብ መምህር ደብተሩን ይዞ ግቢው ውስጥ ቆሞ ያየናል። ሁኔታውን ስነግረው ክፍለ ጊዜውን ለቀቀልኝ፤ እሱም አብሮን ከሰሉ ዳር ተቀመጠ። ልጅቷ ብቅሉን በድስት ክዳን ላይ ቆላችው፣ ወቀጡት፣ በጠበጡት። ጠብታዎቹ እስከ መጨረሻው ጥቁር ሰማያዊ ሆነው ቀሩ። በጎን ያልተቆላና ያልበቀለ ጥሬ ገብስም ሞከርን፤ እሱም ቀለሙን ሳይለቅ ብዙ ቆየ። ሁለቱም ተከራካሪዎች የየድርሻቸውን እውነት ይዘው ነበር።

ቀሪው ጥያቄ የሒሳብ መምህሩ ነው፤ “ኢንዛይሙ በስንት ዲግሪ ነው የሚሞተው?” አለ። ለእሱ ሙቀት መለኪያ ያስፈልጋል። በሌላ ቀን ያለንን አንዷን መለኪያ የፈላ ውሃ ውስጥ ስንከታት 90 አካባቢ ቆመችና አልወጣ አለች። ልጆቹ ተበላሽታለች ብለው ነበር፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ 100 ሳይደርስ እንደሚፈላ ተነጋገርን። በአዲሱ ዕቅድ ልብ ከፋሲካ በኋላ ነው። የድርቆሹ ውሃ መስከረም ላይ ገብቷል፤ ለብቅሉም ውርጩ ካለፈ በኋላ ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ ከሒሳብ መምህሩ ጋር ተስማምተን ይዘናል። ቡድኖቹ የብቅሉን ውሃ በ40፣ በ50፣ በ60፣ በ70 እና በ80 ዲግሪ እያቆዩ ይፈትናሉ፤ መለኪያዋ አንድ ስለሆነች በየተራ ነው የሚሠሩት።