ፈሳሽ ወይስ ጫኝ?

(መሐል ሜዳ። ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። እትዬ ዘነበች ምድጃ ዳር ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። ከአዲስ አበባ የመጣው የወንድማቸው ልጅ ደምሴ ስልኩን ሽቅብ ይዞ ኔትወርክ ያሳድዳል።)

እትዬ ዘነበች፦ ሥራህን አባትህን ብጠይቀው አቀርቅሮ ዝም አለ። ምንድን ነው?

ደምሴ፦ ኢንፍሉዌንሰር ነኝ።

እትዬ ዘነበች፦ በስመ አብ! ታዲያ በሽታ ይዞህ ልጆቹ መሐል ትቀመጣለህ? ራቅ በል!

ደምሴ፦ ኧረ ኢንፍሉዌንዛ አላልኩም! እርግጥ ዘመዳሞች ናቸው። በላቲን «ኢን» ወደ ውስጥ፣ «ፍሉዌሬ» መፍሰስ ነው። የፈረንጅ ኮከብ ቆጣሪዎች ከከዋክብት አንዳች ነገር እየፈሰሰ ሰው ውስጥ ይገባል ይሉ ነበር። ጣሊያኖች ወረርሽኝ ሲነሣ የኮከብ ሥራ ነው ብለው «ኢንፍሉዌንዛ» አሉት። እንግሊዞችም በፈረንጅ 1743 ቃሉን ወሰዱት።

እትዬ ዘነበች፦ አውደ ነገሥት ገላጩስ ኮከብህ እሳት ነው፣ ውሃ ነው እያለ ብር የሚቀበለን በዚሁ አይደል? በ1911 የኅዳር በሽታ ሲገባ ግን ኮከብ የጠየቀ የለም። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነበር። አያቴ እንዳወራችልን ቆሻሻው ተሰብስቦ ታጠነ፤ ይኸው ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር እናጥናለን። አሁን ካንተ የሚፈሰው ምንድን ነው?

ደምሴ፦ ሐሳብ። በአማርኛ «ተጽዕኖ ፈጣሪ» ይሉናል።

እትዬ ዘነበች፦ መሪጌታው ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በግዕዝ «ጸዐነ» ማለት ጫነ ነው ይል ነበር። እንግዲህ ፈረንጁ ያፈስሳል፣ አንተ ትጭናለህ። ጫኝ ነኝ ብትል አባትህም ባላቀረቀረ!

ደምሴ፦ 40 ሺህ ተከታይ እኮ አለኝ!

እትዬ ዘነበች፦ ተከታይማ ጭላዳም አለው። ጓሳ ብትወጣ መንጋውን አስከትሎ ሣር ሲነጭ ታየዋለህ። እሱስ ሣር ወዳለበት ነው የሚወስዳቸው፤ አንተ ወዴት ትነዳቸዋለህ?

ደምሴ፦ የፊት ቅባት አስተዋውቃለሁ።

እትዬ ዘነበች፦ ስንት ይሰጡሃል?

ደምሴ፦ ለጊዜው… ቅባቱን በነጻ።

እትዬ ዘነበች፦ አየህ፣ ብሩ ወደ ባለ ቅባቱ ይፈሳል፣ ጭነቱ በተከታዩ ጀርባ ላይ ያርፋል፣ አንተ ፊትህ ወዝቶ ትቀራለህ። በል ተነሥ!

ደምሴ፦ ወዴት?

እትዬ ዘነበች፦ ወፍጮ ቤት የምትሄድ አህያ ደጅ ቆማለች። ያን ገብስ ጫንልኝና ዛሬ እንኳ አንድ ተጽዕኖ ፍጠር።