ሰው እንዳይለምድ

ጎረቤቴ ውሻ መግዛቱን የሰማነው በሩ ላይ ከለጠፈው ጽሑፍ ነው። «ኃይለኛ ውሻ አለ» ይላል፣ በቀይ ቀለም። ኃይለኛው ውሻ ያኔ አርባ ቀን ቢሆነው ነው፤ መንገድ ዳር ከሚሸጡ ልጆች ከነካርቶኑ ተገዝቶ መጥቶ የጎረቤቴን የጫማ ክር ይጠባ ነበር። ስሙ ታይሰን ተባለ።

የሠፈሩ ሕፃናት ሊያዩት ሲከቡት ጎረቤቴ ተቆጣ። «እንዳትነኩት! ሰው እንዳይለምድብኝ!»

ታይሰን በዚያው ጓሮ ያለች የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ ገባ። ቀን ይታሰራል፣ ሌሊት ይፈታል። ሰንሰለቱ ሁለት ሜትር ብትሞላ ነው።

የውሻን ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎች አንድ የሚስማሙበት ነገር አለ። ቡችላ ዓለምን የሚለማመደው ከ3ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት ግድም ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ያየውን ሰው፣ አህያ፣ ባጃጅ፣ ዣንጥላ «ይሄም አለ ለካ» ብሎ ያልፈዋል። ያኔ ያላየው ነገር በኋላ ሲመጣበት ይደነግጣል፤ የደነገጠ ውሻ ይጮሃል፤ መሸሻ ካጣ ደግሞ ይነክሳል። ታይሰን በእነዚያ ሳምንታት ያየው ቆርቆሮ ነው። እናም ዛሬ ቆርቆሮ ያልሆነ ነገር ሁሉ ጠላቱ ነው። ቁራሌው ሲያልፍ ይጮሃል። ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ ይጮሃል። የቤቱ የንስሐ አባት ጠበል ሊረጩ የመጡ ለትማ የተረጨው ከበር ውጪ ነው።

ጎረቤቴ በዚህ ሁሉ ደስተኛ ነው። «አየኸው? ሞገደኛ እኮ ነው!» ይለኛል። እኔ የማየው ጆሮው ወደ ኋላ የተለጠፈ፣ ጅራቱን እግሩ መሃል የወሸቀ፣ አንድ እርምጃ ወደፊት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እያለ የሚጮህ ፈሪ ነው። ግን ሰው ስለ ልጁና ስለ ውሻው የሚነግርህን መቀበል ነው፤ ጉርብትና አለ።

ምክር የሚለግሱ አዋቂዎችም አልጠፉም። አንዱ «ጆሮውን ቁረጠው» አለ። ሌላው «ሚጥሚጣ አብላው፣ እሳት ይሆንልሃል» አለ። እኛ ስንት ዘመን ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ በልተን ማንን ነከስን?

ሥልጠና የለም እንዳይባል እሑድ እሑድ እንግዳ ሲመጣ አለ፤ በእንግሊዝኛ። «ሲት! ታይሰን፣ ሲት! ሲት አልኩህ እኮ!» ውሻው አዲስ አበባ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ ነው፤ «ቁጭ በል» ቢባል ክብሩ ይቀንስ ይሆን? ለነገሩ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን በሳምንት አንዴ፣ ያውም በቁጣ የሚጠየቅ ትምህርት ማን ይገባዋል?

የኔ ጥፋት ደግሞ ሌሊት ነው። ታይሰን ስድስት ሰዓት ላይ ይጀምራል። ጎረቤቴ ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣና «ዝም በል!» እያለ ይጮሃል፤ ታይሰንም ጌታው ሊያግዘው የወጣ ይመስል ድምፁን ይጨምራል። እኔ ሲመረኝ ከራት የተረፈ ዳቦ በአጥር ላይ እወረውራለሁ። ዝም ይላል። እፎይ ብዬ እተኛለሁ። ፓቭሎቭ የሚባል ሩሲያዊ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሊቅ ነው፤ ምግብ መምጣቱን በሚያበስር ድምፅ ብቻ የውሾች ምራቅ እንዲፈስ አድርጓል። በእኛ ሠፈር ግን ደዋዩ ታይሰን ነው። እሱ ይደውላል፣ እኔ ዳቦ ይዤ እሮጣለሁ። ዝም ብሎ በተኛበት ሌሊት አንድ ቀን እንኳ ጉርሻ ሰጥቼው አላውቅም። ጮኸህ ብላ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ከሁላችን የሚገርመኝ የሥጋ ቤቱ ደጃፍ ውሻ ነው። ባለቤት የለውም፣ ስም የለውም፤ የወደደው «ቡቺ» ይለዋል፣ ያልወደደው «ክላ!» ይለዋል። ከቡችላነቱ ጀምሮ ያልረገጠው ሰው፣ ያልደባበሰው ሕፃን፣ ያልጮኸበት ታክሲ የለም። ዛሬ ቢላዋ ሲሳል ዓይኑን አይከፍትም። አጥንት እስኪወረወርለት ሆዱን በመሬት አስተኝቶ ይጠብቃል፤ አስፋልት ሲሻገር ሰዎቹ እስኪሻገሩ ቆሞ አብሯቸው ይሄዳል። መከተብ ነበረበት፣ ማን ያስከትበው። ጠባይ ከተባለ ግን ያ ነው ጠባይ።

ባለፈው ሳምንት ሌባ ጎረቤቴ ግቢ ገብቶ የመኪናውን ሁለቱንም ስፖኪዮ ነቅሎ ሄደ። ታይሰን ተፈቶ ነበር፣ ጮኋልም። ሁላችንም ሰምተናል። በየሌሊቱ ስለሚጮህ ማንም ከአልጋው አልተነሣም። እኔ እንኳ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንደለመድኩት ዳቦ ወርውሬለታለሁ።

ጠዋት ጎረቤቴ ስፖኪዮ በሌላት መኪናው ፊት ቆሞ ብዙ አሰበ። «አየህ፣» አለኝ በመጨረሻ፣ «ይሄ ውሻ ሰው ለምዷል።»

ትናንት ማታ ካርቶን ታቅፎ ሲገባ አየሁት። ከካርቶኑ ቀዳዳ አንዲት እርጥብ አፍንጫ ብቅ ብላ መንገደኛውን ሁሉ ታሸት ነበር።