ዝንጀሮ ማባረር በጉቴ፦ ከእንግሊዞች የቀበሮ አደን ጋር የተነጻጸረ ጥናት

የእንግሊዝ መኳንንት ቀይ ኮት ለብሰው፣ ፈረስ ላይ ወጥተው፣ ውሻ አስቀድመው በዝናብ ቀበሮ ስለማሳደዳቸው የተጻፈው መደርደሪያ ይሞላል። የጉቴ ገበሬ ላስቲክ ተከናንቦ፣ ቦት ጫማውን አጥልቆ፣ ውሻ አስቀድሞ በዝናብ ዝንጀሮ ስለማሳደዱ ግን ይህን ያህል የተባለ የለም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ገንዘብ የሰጠው አካል ባለመኖሩ ከማንኛውም ተጽዕኖ ነጻ ነው።

የጥናቱ ቦታ ጉቴ በወለጋ የዋዩ ቱቃ ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የተነሳ መንገደኛ ነቀምቴ ደረስኩ ብሎ ሻንጣውን መፈለግ ሲጀምር የሚያልፋት እሷን ነው። የተመረጠችው የኮምቶ ደን በአቅራቢያዋ ስላለና በቆሎ ስለሚዘራባት ነው፤ ደንና በቆሎ ጎን ለጎን ባሉበት ሁሉ ዝንጀሮ ሦስተኛ ጎረቤት ይሆናል። ዝናብን በተመለከተ፣ እንግሊዞች በአየራቸው ሲያማርሩ ዘመናት ቢያልፉም ለንደን በዓመት የምታገኘው 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የነቀምቴ አካባቢ ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ እየወረደበት ስለ አየር የሚያወራው ሲጠየቅ ብቻ ነው።

የአደኑን ወቅት የሚከፍተው አካል በሁለቱ አገሮች ይለያያል። እንግሊዞች ዋናውን ወቅት የሚጀምሩት በእኛ ጥቅምት ማለቂያ ላይ ሲሆን፣ እርጥብና ቀዝቃዛ ጧት የቀበሮውን ሽታ መሬት ላይ ስለሚያቆየው ለውሾቹ ይመረጣል። በጉቴ ወቅቱን የሚከፍተው ዝንጀሮው ራሱ ነው። በቆሎው እሸት መያዙን ከባለ ማሳው ቀድሞ ያውቃል፤ ለዚህም ልጦ ማየት ብቻ ይበቃዋል። የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎች ዓመታት ደክመው እንደ ቢኤች 660 ያሉ ድቅል ዝርያዎችን ለገበሬው አድርሰዋል። ቢኤች 660 ቁመቱ ረጅም፣ ምርቱም ብዙ ነው። ቁመቱ ለዝንጀሮ ግሩም መሸሸጊያ መሆኑ በገበሬዎች የመስክ ቀን ላይ ከዝርያው ጠቀሜታዎች ጋር አብሮ ቢነገር ጥሩ ነበር።

«ቀበሮውስ የት ሄደ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ቀይ ቀበሮ፣ ከ500 የማይበልጠው የአገራችን ብርቅ፣ በባሌና በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በመሳሰሉት ውርጫም ከፍታዎች አይጥ እያደነ ይኖራል፤ የጉቴ በቆሎ አይመለከተውም። ተራው ቀበሮ ግልገል ሲቀናው ይወስዳል እንጂ ለእሱ ብሎ ፈረስ የሚጭን የለም። ስለዚህ ዝንጀሮ በምትክነት ተወስዷል። ምትኩ ከዋናው ይበልጣል። ቀበሮ ብቻውን ይሸሻል፤ ዝንጀሮ በመንጋ ይመጣል። ቀበሮ የያዘውን በጥርሱ ያንጠለጥላል፤ ዝንጀሮና ጦጣ ጉንጫቸው ውስጥ ከረጢት አላቸው። ጉሬዛ ከረጢት ስለሌለውና ቅጠሉን እየበላ ዛፉ ላይ ስለሚቀመጥ ከጥናቱ ውጭ ሆኗል። ሌሊት የሚገቡት ጃርትና የዱር አሳማ ራሱን የቻለ ጥናት ይገባቸዋል፤ አጥኚው ሌሊት ይተኛል።

ወደ ሥርዓቱ እንምጣ። የእንግሊዞቹ አደን ሹመት የበዛበት ነው። የአደኑ ጌታ አለ፤ ውሾቹን የሚመራ አለ፤ ከመንጋው ያፈነገጠውን ውሻ በጅራፍ የሚመልስ አለ፤ መለከት አለ። ውሾቹም የሚቆጠሩት በጥንድ ነው። እነዚህ ሹመቶች በጉቴም ሙሉ በሙሉ ይገኛሉ፤ የሚለየው አንድ ሰው ሁሉንም ደርቦ መያዙ ነው፤ ዕድሜውም ብዙ ጊዜ ከ12 አይበልጥም። ማማ ላይ ወጥቶ ይቃኛል፤ ወንጭፍ ያጮሃል፤ ባዶ ጄሪካን ይደበድባል፤ በአፋን ኦሮሞ «ጀልዴሳ!» (ዝንጀሮ!) ብሎ ለሰፈሩ ያውጃል። እንግሊዞች ቀበሮው ብቅ ሲል «ታሊ ሆ!» የሚሉት መሆኑ ነው። ቀጥሎ «ቀቢ!» (ያዝ!) ሲል ውሻው ይነሳል። ውሻው አንድ ነው፤ በጥንድ ቢቆጠር ግማሽ ይሆናል። የእንግሊዙ ውሻ እስከ ምንጅላቱ በመዝገብ የሰፈረ ሲሆን፣ የጉቴው እናቱ ብቻ ትታወቃለች፤ እሷም የጎረቤት ናት። ትልቁ ወንድ ዝንጀሮ ዞሮ ክራንቻውን ሲያሳየው ውሻው ካለበት ቆሞ ይጮኻል። ይህን ፍርሃት ማለት ልምድን መናቅ ነው።

ዝናቡ ሲበረታ ልጁ ማማው ሥር ይገባል፤ ዝንጀሮውም ማሳው ውስጥ ይገባል። ገበሬዎች እንደሚሉት ዝንጀሮ ወንድ አዋቂ ሲያይ ይሸሻል፣ ሴትና ልጅ ሲያይ ግን አይቸኩልም። አባባሉ ትክክል ከሆነ፣ እኛ ጠባቂ የምንመርጥበት መስፈርትና ዝንጀሮ ጠባቂ የሚፈራበት መስፈርት ፊትና ኋላ ናቸው።

ፈረስን በተመለከተ ግኝቱ አሳዛኝ ነው። አገሩ ፈረስ አጥቶ አይደለም፤ የሆሮ ፈረስ ከታወቁት የኢትዮጵያ የፈረስ ዝርያዎች አንዱ ሲሆን አገሩም ጎረቤት ሆሮ ጉዱሩ ነው። ሆኖም በመስከረም ጭቃ፣ ከሰው ቁመት ባለፈ በቆሎ መሃል ፈረስ የሚያስሮጥ ሰው ከዝንጀሮው የባሰ ያጠፋል። የእንግሊዝ አዳኝ ማኅበራት በፈረስ ለተረገጠ ሰብልና በቀበሮ ለተበላ ዶሮ ካሳ የሚከፍሉበት ገንዘብ ነበራቸው። በጉቴ ከሳሹም ካሳ ከፋዩም ያው ባለ ማሳው ስለሆነ ገንዘብ ማዋጣት አላስፈለገም።

ሁለቱ አደኖች በጥብቅ የሚገናኙት የሚታደነው የማይበላ በመሆኑ ነው። እንግሊዝ ቀበሮ አይበላም፤ ወለጋም ዝንጀሮ አይበላም። መብላቱን የያዘው ዝንጀሮው ነው። ክብርን በተመለከተ፣ አንበሳ፣ ዝሆንና ጎሽ ለጣለ ያገራችን ሰው ፉከራም ጎፈርም ነበረው። «ዝንጀሮ አባራሪው!» ብሎ ሠርግ ቤት የሚፎክር ቢነሳ ግን ዳሱ በሳቅ ይፈርሳል፤ ያም ሆኖ የሠርጉ ጠላ ጌሾ ብቻ ሳይሆን በቆሎም አለበት።

በሰብል አጥፊ እንስሳ ላይ የሚሰማው አቤቱታ የቆየ ነው። መኃልየ መኃልይ ውስጥ ወይን ስለሚያጠፉ ትንንሽ ቀበሮዎች ተነስቷል፤ በነቀምቴ ያስተማሩት ኦነሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ እገዛ ወደ አፋን ኦሮሞ የመለሱት መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ሲታተም ጉዳዩ ለወለጋ ገበሬ በገዛ ቋንቋው ቀረበለት። ወይን ባያለማም ነገሩ አልጠፋውም። ሶምሶን በበኩሉ 300 ቀበሮ ይዞ፣ ጅራታቸውን አጣምሮ፣ ችቦ አስሮ በፍልስጥኤማውያን አዝመራ ላይ ለቋል፤ ዘዴው ችግሩን የሚያባብስ ስለሆነ ለጉቴ አይመከርም።

ሕጉንም እንይ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቶ በየካቲት 2005 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ ቀበሮን በውሻ መንጋ ማሳደድን ከለከለ። አዳኞቹ ኮታቸውን አላወለቁም፤ ሽታ የተቀባ ጨርቅ መሬት ለመሬት እያስጎተቱ ሽታውን ማሳደድ ያዙ። ቀደም ሲል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ቀበሮ ሲያጥራቸው ከአውሮፓ የመጣውን ለንደን ሌደንሆል ገበያ ወርደው ይገዙ ነበር። ዝንጀሮ አነሰን ብሎ ከውጭ ያስመጣ የወለጋ ገበሬ የለም፤ የአገሪቱ የዶላር እጥረት በዚህ በኩል የመጣ አይደለም። በእኛ በኩል የዱር እንስሳትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። ዝንጀሮ ማሳ ሲገባ ፈቃድ እንዲያሳይ የሚያስገድድ አንቀጽ ግን የለውም።

እንግሊዙ አመሻሽ ላይ ቤቱ ገብቶ፣ ቀበሮ ባይያዝም ጥሩ ግልቢያ ነበር ይላል፤ ለዚህም ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላል። የጉቴው መዋጮ በሌላ መዝገብ ይሰፍራል። በቆሎው እሸት ከያዘ ጀምሮ እስኪሰበሰብ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ዝንጀሮ የሚሠራው ቀን ነው፣ ትምህርት ቤትም የሚሠራው ቀን ነው፤ ሁለቱም ሥራ የሚጀምሩት መስከረም ነው። ጥናቱ የሚመክረው ጎረቤታሞች በተራ አንድ አዋቂ ማማ ላይ እንዲያወጡ ነው። ያ እስኪሆን ድረስ፣ መምህራን ሆይ፣ በመስከረምና በጥቅምት ስሙ ፊት «ቀሪ» የበዛበትን ልጅ ከመቅጣታችሁ በፊት የአባቱ ማሳ ከደን ጋር ይዋሰን እንደሆነ ጠይቁት።